ይህ አድራሻ አለ

ቶፊቅ የሚሉት ልጅ፣ ከሳቢያን የመጣ፣
ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ከባጃጅ ሲወጣ፣
«ስም መልቀም ቀረልሽ» አለኝ ገና ከበር፤
እኔ ግን ሰባት ዓመት ስለቅም ነበር።

ቢሯችን ከዚራ ነው፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፤
ዕቃ ከጅቡቲ ሲነሣ፣ ጭነት ሲታሠር፣
ከየወደቡ ኢሜይል ሲወርድ እቀበላለሁ፣
የላኪውን ስምና አድራሻ እጽፋለሁ፣
መጻፌን ረስቼ ነገም እደግማለሁ።

ሀሰን በሀሌታው ሀ፣
ሐሰን በሐመሩ ሐ፣
ኀሰን በብዙኃኑ ኀ፤
በመዝገቤ ሦስት ሰው።
ሲመጣ ግን አንድ ሽርጥ ነው፣ አንድ ጃንጥላ፣ አንድ ሆድ፤
ለአንድ ዕቃ ሦስት ሒሳብ ልኬለት ሲናደድ፣
«አንድ ነኝ እኮ አንቺዬ!» እያለ ጠረጴዛ ሲመታ፣
አቶ ዘርጋው ከመስታወቱ ጀርባ ይሰማሉ በዝምታ።
እንዲህ ነው ቶፊቅ የተጠራው።

ቆሞ ነው የሠራው፣ ውኃ እየጠጣ፤
«ማንም ይጻፍላችሁ፣ ደብዳቤው ሲመጣ
አድራሻው ይገባል በራሱ፣ ሳትነኪው፤
ካለ ግን አይደገም። በቃ። ሞክሪው።»

ሞከርኩት። እውነቱን ነው።
ጠዋት ስገባ ስሙ ሁሉ ተሰድሮ ይጠብቀኛል፣
እንደ ታይዋን ሱቅ ጫማ፣ ከየጥንዱ አንድ እግር ብቻ።
ሐሰን በሐመሩ ሐ አንድ ሆኖ ቀረ፤
ሒሳቡን ከፍሎ፣ ጃንጥላውን አጥፎ፣
«አሁን ሰው ሆንኩ» ብሎ ባጃጅ አስቆመ፤ ተሳፈረ።

ጅቡቲ፣ ወደቡ ላይ፣ ሙሴ ዋይስ የሚባሉ ነበሩ፤
መልካቸውን አላየሁም፤ ሰባት ዓመት ሲጽፉልኝ ኖሩ፤
አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል፣ ቶሎ ቶሎ፣ እየዘለሉ፣
ካርቶኑ ይህን ያህል፣ መኪናው ይህ፣ ማኅተሙ ደህና ነው ይላሉ፤
ከሁሉ በታች ግን፣ ሁልጊዜ፣ አንዲት መስመር፦
«ደቻቱ መጣ ወይ?»
ልጅነታቸው ለገሃሬ ነው፤ አባታቸው ባቡር ይነዱ ነበር።
እመልሳለሁ፦ «አልመጣም፤ አሸዋ ነው።»
ወይም፦ «ትናንት ማታ መጣ፤ ድልድዩ ደህና ነው።»

በጥቅምት ሾፌሩ ካሣዬ ከወደብ ሲመለስ
ኮፍያውን አውልቆ ነገረን።
አቶ ዘርጋው መስታወቱን ከፍተው «አላህ ይርሐማቸው» አሉ።
ስልኩ ጮኸ፤ ማንም አላነሣውም።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑን ከፈትኩ፤
ከሙሴ ዋይስ፦ «ኮንቴይነሩ ሐሙስ ይነሣል።»
እጄ ከማውሱ ላይ ወረደ።
እስከ ታች አነበብኩ፤ «ሂቦ ነኝ፣ ልጃቸው።
የአባቴ ወንበርም አድራሻውም ለእኔ ሆነ።»
ከዚያ ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር።
ያቺ መስመር የለችም።

ስሟን ላስገባ ሞከርኩ። ማሽኑ፦ «ይህ አድራሻ አለ።»
ደገምኩ። «አለ።»
ሰው ሲሞት የለም ነው የሚባል፤ ይህ ግን አለ፣ አለ፣ አለ፤
እንደ ግትር ምስክር ቃሉን ሳይለውጥ በመሐላው ዋለ።

ለቶፊቅ ደወልኩ። «ቀላል ነው፤ የድሮውን አጥፊው፣
በቦታው የእሷን ጻፊው።»

በምሳ ሰዓት ደቻቱን ተሻገርኩ፤
አሸዋ፣ ፍየል፣ ኳስ የሚራገጡ ልጆች።
አምና ነሐሴ የመጣውን ውኃ መሬት ጠጥቶታል፤
የሚመጣው ሌላ ነው፤ ሲመጣ ግን
ያው ደቻቱ መጣ እንላለን።
ወይስ ደቻቱ ማለት አሸዋው ነው?
እንጃ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ተመለስኩ።

ምንም አላጠፋሁም።
ጠቋሚዋን ከሙሴ ፊት አቁሜ
ሁለት ፊደል መታሁ፤
ሂቦ ሙሴ ዋይስ።
ማሽኑም አልተከራከረኝ።

ከዚያ መልስ ጻፍኩላት፦ ሐሙስ ይሁን፣ ማኅተሙን ላኪልኝ፤
ከታች፣ ሳትጠይቀኝ፣
«ደቻቱ አልመጣም። ደመና ግን አለ።»