የጓጉንቸር ደረሰኝ

ገንዘብ ያዥ ነኝ እኔ፤ ወንበሬ መስኮት ሥር፣
ፊቴ የሽቦ ወንፊት፣ ጀርባዬ ፋይል ክምር።
ሐምሌ ነው ማርቆስ ላይ፤ ከጮቄ ብርድ ሲወርድ፣
እስክሪብቶም እንደ ሰው ሳይሞቀው አይሄድ።

ወር በገባ በአምስት፣ ቀን ሳታዛንፍ፣
የሻረግ ትመጣለች፤ የነጠላዋን ጫፍ
በጥርሷ ትፈታና ትዘረግፋለች፦
አሥራ አንድ ብር ከሃያ፤ ቤቷ የቆጠረች።
(አሥር ሳንቲም ዛሬ ማን ዘንድ ይገኛል?
እሷ ዘንድ ሁለት አለ፤ ያውም ያብለጨልጫል።)

«በማን ስም?» እላለሁ፣ ስሙን እያወቅሁት።
«በባሌ ስም ጻፈው።» «ማን ልበል?» «አንሙት።»
ፋይሉን ስከፍተው ቀይ መስመር ያርፍበታል፤
ከመስመሩ በላይ «ተከራይ፦ ሟች» ይላል።
ሞቱ ብሎ ጽፎ
አንሙት ብሎ ይጠራል።

ወፍጮ ቤት ሚዛን ላይ ሠላሳ ዓመት ቆመው፣
የሰውን ጤፍ ሰፍረው፣ የሰው ዳጉሳ መዝነው፣
ያደሩት ቀበሌ ቤት፤ ያለፉትም እዚያው ነው።

«በሟች ስም» አልኋት «ኪራይ አንቀበልም፤
ስሙ ሳይዛወር ደረሰኝ አልቆርጥም።»
ወጣች ወደ ፎቁ፣ ወደ ቤቶች ክፍል።
«ስም የሚዛወረው ውዝፉ ሲከፈል፤
የሦስት ወር አለብሽ። ገንዘብ ያዡን አናግሪ።»

ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝ።

ከፎቅ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ፎቅ፤
ደረጃው ሃያ ስድስት ነው፤ ጉልበቷን ጠይቅ።

ሦስት ወር ስድስት ሆነ፤ ስድስቱ አሥራ አራት፤
ቅጣቱ ኪራዩን ቀደመው በፍጥነት።
አንደኛ ማስጠንቀቂያ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤
ጸሐፊው እኔው ነኝ፤ እኔው ነኝ መልእክተኛ።
ሦስቱም ላይ ፈረመች፣ አውራ ጣቷን ደፍታ፤
«ጣቴን ተቀበላችሁ፤ ብሬ ምን በደለ፣ የኔ ጌታ?»
አለችና ሳቀች።
እኔም አብሬ ሳቅሁ። በምን እንደሳቅሁ እስካሁን አላውቅም።

የማሸጊያው ዕለት ሦስት ሆነን ሄድን፤
እኔ፣ ደንብ አስከባሪው፣ ሙጫ የያዘው ልጅ ይሁኔ።
ዕቃዋን መዘገብን፦
የሽቦ አልጋ፣ አንድ። በርጩማ፣ ሁለት።
ሬዲዮ፣ አንድ፣ የማይሠራ።
የሚዛን ድንጋይ፦ ኪሎ፣ ግማሽ፣ ሩብ።
«ሩቧ ከሩብ ትከብዳለች» አለች፤
«አንሙት ለድሃ ነበር የሚያስቀምጣት።»
ይኸን አልጻፍሁትም።

ዕቃው ጎረቤት ገባ። ዝናቡ አላባራ።
«ታሽጓል» የሚለውን ወረቀት ለጠፍን፤
በሩ ርሶ ነበር፤ ተላጠ። ደገምን። ተላጠ።
«እንግዲህ ቁልፍ ይምጣ!» አለ ደንብ አስከባሪው።
ቁልፍ በበጀት አልተያዘም።
ሦስት የመንግሥት ሰዎች፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር፣
ላንዲት የሳንቃ በር አቅም አጥተን ስናፍር፣
ጎረቤት ገብታ ይዛ መጣች ጓጉንቸር።

«የኔ ነው። ከቡሬ የገዛው አንሙት ነው።
ስትጨርሱ መልሱ። ደረሰኙን ጻፈው።»

ጻፍሁ። በማን ስም? ብዬ አልጠየቅሁም።
ከወይዘሮ የሻረግ። ጓጉንቸር። ብዛት አንድ፣ መክፈቻው ሁለት።
በአሥራ አራት ወር ውስጥ በስሟ የቆረጥሁላት
የመጀመሪያው ደረሰኝ ይኸው ነው።
ማኅተሙን በትንፋሼ አሞቅሁት።

አሁንም ወር በገባ በአምስት ትመጣለች፤
የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ትፈታለች፤
ብር የለበትም፤ የታጠፈ ወረቀት ብቻ።
«ጓጉንቸሬስ?»
መክፈቻው መሳቢያዬ ውስጥ ነው፤ ስከፍት ስዘጋ ይንኳኳል።
«ፎቁን ጠይቂ» እላታለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል?

ትወጣለች። እኔ ከታች ሆኜ እቆጥራለሁ፤
ሃያ ሦስት። ሃያ አራት።
ሃያ አምስተኛው ላይ ቆማ ትንፋሽ ትወስዳለች።