ያልተመነዘሩ

ዝርዝሩ ወጣ በጋዜጣው ገጽ፣ በአራተኛው ዓምድ፣
ስምና ዶላሩን ጎን ለጎን አስሮ እንደ በሬ ጥማድ።
ካፌው ዝም አለ።
ሹካው ከቼሪው ኬክ ላይ እንደተሰካ ቀረ፤
አንዱ የራሱን ስም በጣቱ ሸፈነ፣
አንዱ የጎረቤቱን ዜሮ ቆጠረ።

እኔ ሎሪን ነኝ፣ ባለ ሦስተኛው መስኮት፣
ሃያ ስድስት ዓመት ማኅተም ስመታ የኖርኩበት።
የቬልካ ካውንቲ ምድር በፋይሌ ውስጥ ቁጥር ሆኖ ያድራል፤
ስንዴ ለለበሰው ይከፈላል፣ ጦሙን ላደረው ይከፈላል።
«የዘራ ያጭዳል» ይሉኝ ነበር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሳለሁ፤
እዚህ ግን ያልዘራም ሲያጭድ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

ክፉ አይደለም ሕጉ።
አባቴ አይቶታል ያን አቧራ፣
በቀትር ፋኖስ ሲበራ፣
ላሚቱ አሸዋ ስታመነዥክ፣ ማሳው በአጥር ላይ ሲያልፍ በርሮ፤
ሣር ያቆመ ሰው ኪራይ ቢያገኝ ማን ይከፋዋል ዘንድሮ?
ግን ደግሞ አለ፣ ትራክተር ላይ ወጥቶ የማያውቅ፣
ከዴንቨር ፎቅ በስልክ «አስተዳድራለሁ» ብሎ አርባ ሺህ የሚጠይቅ፤
ወንድሙ፣ የወንድሙ ልጅ፣ የልጁ ሚስት፣ ሁሉም በየስሙ፣
ከክፍያው ጣሪያ ሥር ጎንበስ እያሉ የሚቆሙ።
ፎርሙ ከተሟላ ምን ቸገረኝ፤
አልጠየቅኩም፣ ማንም አልጠየቀኝ።

ቨርሊን ዶስታል መጣ በዚያው ቀን፣ ልንዘጋ ጥቂት ሲቀረን፣
ቆቡን በግራ እጁ ይዞ፣ የዘር ከረጢት በቀኝ።
ካፌ ውስጥ አንብበውታል፤ ከስሙ ሥር ሌላ ዶስታል አለ፤
ኤምሪክ፣ ወንድሙ፣ ከሞተ ስድስት ዓመቱ፣ ዘንድሮም የተከፈለ።
የነዳጁ ልጅ እንኳ ሒሳብ ሲቀበለው ፊቱን አዙሯል፤
«በሙት ስም ይበላል» ተብሏል።

ከረጢቱን ዘቀዘቀው መስኮቴ ላይ።
ስድስት ፖስታ፤
አንድም ሳይቀደድ፣ የአንዱም ውስጥ ሳይታይ።
«ደብዳቤ ጽፌ ነበር» አለ፣ «አንዴ አይደለም፣ ሁለቴ፤
ስልክም ደወልኩ፤ ሙዚቃ አሰሙኝ፣ በረደ እንጂ ራቴ።»
«ታዲያ ለምን መልሰህ አልላክኸውም?»
ቆቡን አሽከረከረ።
«ስሙ ተጽፎበት ነበር።
በዓመት አንዴ፣ በማሽን ፊደል፣ ኤምሪክ ጄ. ዶስታል።
ከእንግዲህ ሌላ ማን ይጽፈዋል?»

የመንግሥት ቼክ ዓመት ካለፈው ይሞታል፤ ደንቡ ነው።
አምስቱ ሞተዋል፤ ስድስተኛው ገና ትንፋሽ አለው።
ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።
ኤምሪክ በሕይወት አለ፣ ኮረብታው ላይ ሣር ያበቅላል፤
ስድስት ጊዜ «ለውጥ የለም» ይላል፤
ስድስቱም ሥር የኔ ፊርማ።
ለቀብሩ ድንች ሰላጣ ይዤ የሄድኩትም እኔው ነኝ እኮ፣
ሳጥኑ ሲወርድ ከጎኑ የቆምኩ፤
ሰኞ ቢሮ ገባሁና ማኅተሜን መታሁ።

ማሽኑ «እርግጠኛ ነዎት?» ሲል ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ቨርሊን ፖስታዎቹን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ዳበሰ፤
«አንዱን፣ ከሞቱት፣ ልውሰደው?» ሲል ድምፁ እንደ ገለባ አነሰ።
ደንቡ አይፈቅድም።
ደንቡን ግድግዳው ላይ እኔው ነኝ የለጠፍኩት።
እስክሪብቶ አነሳሁና
«አምስት ፖስታ ተረክቤያለሁ» ብዬ ጻፍኩ፣
ማኅተሙንም መታሁበት።