ጊዜያዊ ክዳን

ቦራ የነፈሰ 'ለት ትሪየስተ ከተማ
በር አይከፈትም፣ ሰው ከሰው አይሰማማ፤
የክሊኒኩ መስኮት ያቃስታል፣ ያፏጫል፣
ልጁ ጉንጩን ደግፎ ጣሪያውን ያያል።

ጎራዝድ ይባላል፤ ዐሥራ አምስት ዓመቱ፤
ጢም ልትሆን ያሰበች ጥላ፣ ከከንፈሩ በላይ፣ እሷው ናት ሀብቱ።
የታች መንጋጋው ግን ከባለቤቱ ቀድሞ አርጅቷል፣
ነርቩ ውስጥ ለውስጥ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ሞቷል።
ራጁ ተሰቅሏል በብርሃን ሰሌዳ፤
ከሥሩ ጫፍ ጥቁር፣ ምስር የምታህል፣ ያልተጠራች እንግዳ።

እኔ ረዳት ነኝ። ሥራዬ መምጠጫ መያዝ፣
ጥጥ መጠቅለል፣ ማቀበል፣ ዝም ማለት፣ መታዘዝ፤
መታዘቡን ግን የምሠራው ያለ ደመወዝ።

ዶክተር ኒቬስ አለች፦ «ዛሬውኑ እንጨርሰው፤
ቦዩን ጠርገነዋል፣ እንሙላው፣ እንድፈነው።
የዚህ ዕድሜ ልጅ እንደሁ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤
ሕመሙ ሲተወው ቀጠሮም ትዝ አይለውም።
ጊዜያዊ ክዳን ይዞ ክረምቱን ሲዞር ይከርማል፣
በፋሲካ ሲመጣ ጥርሱ ለሁለት ተሰንጥቋል።»

ዶክተር ሊቪዮ ግን፣ ጡረታ የጠላ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ አገጩን አሻሽቶ ሲያበቃ፣ በኋላ፦
«ቁስሉ ገና እርጥብ ነው፤ መግሉ መች ደረቀ?
ሌባውን ከውስጥ ትቶ በሩን ማን ጠረቀ?
ኖራ መሳዩን መድኃኒት እናኑርበት፤ ሁለት ሳምንት ይረፍ።
ሦስት ጊዜ ይምጣ፤ ስንቸኩል አንዲት ጀርም እንኳ እንዳትተርፍ።»

ከልጁ ራስ በላይ ተሟገቱ፣ እንደ ልማዳቸው፤
ጥናት በጥናት ላይ መዘዙ፤ ሁለቱም አላቸው።
እኔ እንደ ሰማሁት ከክርክሩ መሐል፣
ጥናቶቹም ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፦ በዚያም በዚህም ይድናል፣
ሕመሙም ያው ነው፣ አንዱ ከአንዱ እምብዛም አይሻል።

ልጁን የጠየቀው የለም።
አፉ በላስቲክ መጋረጃ ተሸፍኖ፣ በረኪና በረኪና የሚሸት፣
ሁለት ዓይን ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ከዚያ ጣቱን አወጣ፣ እንደ ተማሪ፤
ከላስቲኩ ሥር፣ ፊደሉ ግማሹ እየተነቀለ፣
«ሦስት ጊዜ ከሆነ... ሦስቴም አባቴ ነው የሚያመጣኝ?» አለ።

ኒቬስ ሞረዷን አስቀመጠች።
ሊቪዮ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ነፋስ የሚያይ መስሎ።

ከመጠበቂያው ክፍል ሰውየው ተቀምጧል፣
የጭነት መኪና ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል።
ከጎሪዚያ ማዶ ነው፣ ለብቻው፣ ቤቱ፤
ፍርድ ቤት የሰጠው በወር አንድ እሑድ ነው፤
የጥርስ ቀጠሮን ግን አይቆጥርም ወረቀቱ።
«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገሬ ሰው፣ ልብ እያረረ ፊት ሲስቅ፤
ያመመው ጥርስ ግን ባዳ አይደለም፤ አባት ይጠራል ከሩቅ።

ኖራውን ሞላነው፤ ክዳኑን ደፈንነው፣ ለስላሳ፣ ነጭ።
«በዚህ በኩል አታኝክ፤ ማስቲካ የሚባል አልይ» አልኩት።
አልሰማኝም። ካርዱ ላይ የጻፍኳቸውን ቀኖች
አውራ ጣቱን እያስኬደ
እንደ ደመወዝ ቆጠራቸው።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ነበር።
ግማሽ ሰዓት ቀድመው ደርሰው መኪናው ውስጥ ቆዩ፤
መስታወቱ በትንፋሽ ደፈረሰ፤
በጠራችው ጥግ በኩል አየሁ፦ አባት ሙዝ ይልጣል፣
በአንድ ጎኑ ብቻ ለሚያኝክ ልጅ።

በሦስተኛው፣ ከዛፍ ወተት የተሠራውን ክር
እየሞቀ ሞላነው፣ እስከ ሥሩ ዳር።
ምስሯ ገና አለች፤ እሷ ለመሄድ ወራት ትፈልጋለች።
ሊቪዮ በመስተዋቱ እጀታ መታ መታ አደረገው። አላመመውም።

«አበቃ» አልነው።
አፉን ገጠመ። ተነሣ። መልሶ ተቀመጠ።
አፉን ከፈተና ጎረቤቷን ጥርስ፣ ነጯን፣ ጤነኛዋን፣
በጠቋሚ ጣቱ ነካት፦ «ይቺኛዋስ?»

ኒቬስ፣ ያቺ «ዛሬውኑ እንጨርሰው» ባይ፣
መብራቱን ሳበች፤ ጎንበስ ብላ፣ ረጅም ጊዜ፣ ምንም የሌለበትን አየች።
«ትታይ» አለች። «ከገና በኋላ፤
ካርድ ጻፊለት።»