ከጣሪያዬ በላይ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከራሴ በላይ ነው ዚግሙንት የሚኖረው፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በመጥረጊያ እንጨት ነው እኔ የማናግረው።
ከላይ ዱም ሲል፣ ጓ አደርጋለሁ ከታች፤
ወጋችን ይኸው ነው፣ ሰላምታችንም ይህች።

የትራም ሞተር ሲፈታ ሲገጥም ጡረታ የደረሰ፣
ሁለት ስፒከር አሉት፣ ወጣት ሳለ የገዛቸው፣ ከቀለቡ እየቀነሰ።
እሁድ እሁድ ይፈታቸዋል፤ ደግሞ ይገጥማቸዋል፤
ሆዳቸው ውስጥ የአሮጌ ካፖርት ሱፍ ይጠቀጥቅላቸዋል፤
ከሥራቸው እብነ በረድ አለ፣ ከመቃብር ድንጋይ ጠራቢ የተገዛ
(ስም ሊቀረጽበት የነበረው ሰው ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል፤ እንጃ)።
ይህን ሁሉ ያየሁት ኋላ ነው። ያኔ የማውቃቸው በብርጭቆዬ፣
ቁም ሳጥን ላይ ተደርድሮ ጥርሱን በሚያፋጨው ዕቃዬ።

በቢድጎሽች ከተማችን የካቲት ላይ፣ ብርዳ ወንዝ
(ስሙ ራሱ ብርድ ብርድ የሚል) ዳር ዳሩን በረዶ ሲይዝ፣
ግራው ታመመ።
ዱም ማለቱን ትቶ ፍርርር አለ፣
ጠርሙስ ውስጥ እንደገባች ዝንብ፤ ከዚያም አከተመ።
ጣሪያዬ ጣሪያ ብቻ ሆነ።

አንድ እሁድ፣ ሁለት እሁድ። መጥረጊያዬን አነሣሁ፤ የምመታው የለም።
በሦስተኛው ደረጃውን ወጣሁ። ያንን በር አንድ ቀን እንኳ አንኳኩቼ አላውቅም።
«ይቅርታ» አለ ገና ሳልናገር፣ ከልማድ ይሆናል፤
«ዛሬ እኮ አልከፈትኩትም።» «ለሱ ነው የመጣሁት፤ ግራው ታሟል።»
«ግራው መሆኑን በምን አወቁ?»
«ግራው ከአልጋዬ በላይ ነው፣ ቀኙ ከወጥ ቤቴ።
ድስቱ ደህና ነው። አልጋው ነው ዝም ያለው።»

ጨርቁን ገፎ አሳየኝ። ወረቀቱን ከብረቱ የሚያያይዘው ስፖንጅ
አርጅቶ ረግፏል፤ ሲነኩት እንደ ጥቀርሻ የሚቀር በእጅ።
አዲስ ጠርዝ አስመጥቷል፤ ሙጫ አለው፣ ካውያም አለው፤
እጁ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ትኩስ ስታኞ ጠረጴዛውን አቁስሎታል፣ አዥጎርጉሮታል ዳር ዳሩን ሁሉ እየነደለው።

እኔ አርባ ዓመት የሰው ኮሌታ ስሰፋ የኖርኩ ነኝ፤
ክብ ላይ ክብ መግጠም፣ ሳይሸበሸብ፣ ማን ሊያስተምረኝ?
«ወዲያ በሉ» አልኩት።
መነጽሬን አጠለቅሁ። የመሐሉን ቆብ በምላጭ አነሣን፤
ሽቦው እንዳይጋደም ዙሪያውን የሚሰገሰግ ቀጭን ነገር አጣን፤
ከመሳቢያ የድሮ ፎቶ ኔጋቲቭ አወጣ፤ በጠባብ በጠባቡ ቆረጥኩት።
ፊታቸው ጥቁር፣ ጥላቸው ነጭ የሆነ ሰዎች፣ ከባልቲክ ዳርቻ፣
ሙጫው እስኪደርቅ ሌሊቱን ይዘው አደሩልን፣ በትከሻቸው ብቻ።

በማግሥቱ ሳብናቸው። ቆቡን መለስን።
«ይቀመጡ» አለኝ። ያለችው አንዲት ወንበር ናት፣
እንዳትነቃነቅ እግሮቿ ሥር በጠመኔ የተሰመረላት።
ሸክላውን አኖረ፤ መርፌው ወረደ።

ዱም፣ ዱም ዱም።
አውቀዋለሁ! ስንት እሁድ ረግሜዋለሁ ይህንን።
ግን ከላዩ ሴት ነበረችበት።
ዱሙ ላይ ቆማ የምታዜም፤ ትንፋሽ ስትስብ የምትሰማ፤
ከኋላዋ ቫዮሊን የሚከተላት፣ ዘግየት ብሎ፣ እንደ ሻማ ጭስ በጨለማ።
ለካ ኮንክሪት ወፍራሙን ያሳልፋል፣ ቀጭኑን ያስቀራል፤
ሠላሳ ዓመት መሠረቱን አይቼ ቤቱን ጠላሁት፤
ሠላሳ ዓመት እግሩን ሰማሁ እንጂ ፊት አለው አላልኩት።

አላለቀስኩም። የሙጫው ሽታ ነው።
እሱም አላየኝ፤ አንገቱን ወደ ግራው አዘንብሎ
ዘፈኑን ሳይሆን ስፌቴን ያዳምጥ ነበር፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተንበርክኮ።

አሁንም አልተወም። ሽቦ ይቀይራል፣ ኮንደንሰር ይቀይራል፤
ሲጨርስ በተረከዙ ሦስት ጊዜ ወለሉን ይመታል፤
እወጣለሁ፤ እቀመጣለሁ።
«ልዩነቱ ተሰማዎት? ላይ ላዩ አልጠራም?»
ያችው ሴት ናት፣ ያው ትንፋሿ። ለኔ ምንም አልተለወጠም።
«እንዴታ!» እላለሁ።
«ቀኙ ግን፣ ፓን ዚግሙንት፣ ትንሽ የሚቀረው ይመስለኛል።»