ያለፈበት

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ የኪሺናው አየር ማረፊያ፤
ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር፣ የሁለት ሜትር መለያ።
በረራው በሳምንት አንድ፤
ሰዉ ዝም ብሎ ይራመዳል፣ አንድ ርምጃ፣ ደግሞ አንድ።
አፌ በጭንብል ታስሮ፣ ፊቴን ጋርዶት መስታወት፣
«ሲልቪዩ» ይላል ደረቴ፤ ሌላው አይታወቅበት።

እሷ አራተኛ ነበረች።
ቱዶራ። ሃምሳ ስምንት ዓመት። ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ካፖርት፣
በገመድ የታሰረ ሻንጣ፣ ዚፑ ከሞተ የቆየበት።
ሚዛኑ ላይ አወጣችው፤ አሥራ ዘጠኝ ተኩል አለ።
ሃያ ነበር የተፈቀደው፤ ዓይኗ ከጭንብሉ በላይ ፈገግ አለ።
እቤቷ መዝናው ነበር፤ አንድ ጠርሙስ የቼሪ ማርማላታ
አውጥታ፣ መልሳ ከትታ፣ አንድ ጥንድ ጫማ ትታ።

ፓስፖርቷን ሰጠችኝ፤ ደኅና።
የምርመራ ወረቀቷን፣ ማኅተሙ ያልደረቀ ገና።
ከዚያም የመኖሪያ ካርዷን፣ የጣልያኑን፣ ጫፉ የተላጠ፤
በጣቴ ገለበጥኩት። ቀኑ ሚያዝያ ላይ ተቋረጠ።
ያለነው ሰኔ ውስጥ ነው።

«እትዬ፣ ቀኑ አልፎበታል።»

«ማደሻ አስገብቻለሁ፤ ደረሰኙ ይኸውልህ።
ፖስታ ቤት፣ ቦሎኛ፣ ጥር ወር፤ ቁጥሩ አለ፣ ላንብብልህ?
ቢሮው በበሽታው ተዘጋ፤ እስኪከፈት ይሠራል አሉ፤
አዋጅ ወጥቷል፣ ይህን ያውቃሉ፣ እዚያ ያሉ ሁሉ።»
ወረቀቱን ከጉያዋ አወጣች፤ መታጠፊያው ላይ ሊበጠስ፣
በዳቦ ላስቲክ የጠቀለለችው፣ ዝናብ ቢመታት እንዳይርስ።

ጻፍኩ። ኮምፒውተሩ አሰበ። ቀይ መስመር መለሰልኝ።
ስልክ ደወልኩ፤ አለቃዬ «ካርዱን ብቻ» አለችኝ።
«ደረሰኝ ካርድ አይደለም። ካሳፈርካት ቅጣቱ እኛ ላይ ነው።
ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?»
አውቃለሁ። የስድስት ወር ደመወዜ ነው።

ቱዶራ ለመስታወቱ ታወራለች።
«ለሦስት ቀን ነበር አመጣጤ፤ ወንድሜ አለፈ፣ ቀበርኩት።
መንገድ ተዘጋ፤ በረዶው አለፈ፤ ፋሲካን እዚሁ አሳለፍኩት።
ሲኞራ ኤርሜሊንዳ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፤ ብቻዋን።
ማን ያጥባታል? ማን ይሰጣታል የሌሊቱን ኪኒኗን?
ጎረቤት ዳቦ በር ላይ ያኖራል፤ ጎንበስ ማለት አትችልም።
እሺ፣ ቀኑ አለፈ በለኝ፤ እኔስ ለምን አላልፍም?»

መልስ አልነበረኝም። ቅጽ ነበረኝ፣
በሦስት ቅጂ፣ «እንዳልሳፈር ተነግሮኛል» የሚል።
ፈረመች። ጣቷን በረኪና በልቶታል፤ ፊደሏ ግን የተማሪ የሚመስል።
ሻንጣዋን ከሚዛን አወረደች፤ ቁጥሩ ዜሮ ላይ አረፈ፤
ከኋላዋ የቆመው ሰው፣ ይቅርታ ሳይል፣ ቀድሟት አለፈ።

ያልነገርኳት ነገር አለ፣ ከጉሮሮዬ ያላለፈ፤
እናቴ ፓዶቫ ናት፤ ከሄደች ሃያ ዓመት አለፈ።
ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ካርቶን ትልካለች በሚኒባስ፤
ማካሮኒ፣ ሳሙና፣ ጫማ፣ ሁሌ በአንድ ቁጥር የሚያንስ።
እግሬ አድጓል፤ እሷ የምታውቀው ጥላው የሄደችውን ነው።
የሌላ ሰው እናት ስታጥብ፣ እኔን ያሳደገኝ ካርቶኑ ነው።
ይህን ብነግራትስ? ምን ይረባታል? ቀይ መስመር አይነጣም።
«የሚቀጥለው!» አልኩ። ድምፄ ከጭንብሉ አልወጣም።

እረፍት ስወጣ አየኋት፤ ውጭ፣ ከአውቶቡሱ ፌርማታ፣
ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ የማርማላታውን ክዳን ከፍታ፣
ለአሮጊቷ የተሰናዳውን በጣቷ ትበላለች።
አወቀችኝ። ጠርሙሱን ዘረጋች።
«ና» አለች፣ «ቅመስ፤
ከባድ ነው ይዤው ልመለስ።»

በመካከላችን ሁለት ሜትር፤ ቢጫ መስመር እንኳ የሌለው።
ቆሜ ቀረሁ። ጫማዬ ጠበበኝ፤
የራሴ ቁጥር ነው።