ከረጢትህ ውስጥ ምን አለ?

ታቦር ግርጌ፣ ከባጃጅ ጋራዡ ጓሮ፣
መብራት ዛሬም ሄደ ጨዋታው ተጀምሮ።
የስልክ ባትሪ ከጣራው አንጠልጥለን፣
ዳይሱን በዘይት ጣሳ አንኳኩተን ጥለን፣
ጀግኖች ሆነናል። ደብተሩ እኔ ጋ ነው፤
"ዕቃ" የሚለውን ተራ በተራ ሳነበው፦

ዱካሞ፣ የሚበር ጫማ፣ ግንብ የሚያሳይ መነጽር፣
እሳት የሚተፋ ጓንት፣ ጥይት የማይበሳው ጥሩር።
ሰናይት፣ ቀበቶዋን አሥራ ሁለት ኪስ አሰፍታ፣
ለየጠላቱ ዓይነት አንዳንድ መላ ከትታ።
ቡሪሶ፣ የአሞራ ገደሉ ዓሣ አጥማጅ ልጅ፣
መርፌና ናይለን ክር። ሌላ የለውም በእጅ።

"ዘንዶውን ጥልፍ ልታስተምር?" ዱካሞ ሳቀ።
ቡሪሶ ዝም አለ። ጨዋታው ዘለቀ።
የሐዋሳን ሐይቅ በአየር መርከብ ስናቋርጥ
ዳይሱ አንድ ወጣ፤
አውሬው በጥፍሩ ሸራችንን ሰነጠቀ።
ጫማው አንድ ሰው እንጂ ሁላችንን አይችልም፤
ጓንቱ ጨርቅ ያነዳል፤ ኪሱ ቀዳዳ አይደፍንም።

"ቡሪሶ፣ ከረጢትህ ውስጥ ምን አለ?" አልኩት፣
እያወቅሁ።
አልመለሰም። አውራ ጣቱን ዘረጋው፦
መረብ ሲጠግን ናይለን የተለተለው፣
በጨለማ መንገዱን የሚያውቅ ጣት ነው።

ጣሳውን ሊያነሳ ሲል ያዝኩበት።
"ተወው፤ ይሄ ዕድል አያሻውም" አልኩት።
ዱካሞ እርሳሴን ተቀበለኝና
ከጫማው በታች ጻፈ፦
"መቀስ።"