ሁለተኛው ቀዳዳ

በርገን ዝናብ ነው። ሰማዩ አይጨክንም፣ ግን ደግሞ አይተውም፤
ከምድር ቤት ያለውን የትምህርት ቤት ወርክሾፕ ፀሐይ አያውቀውም።
እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ፤ ፒንሳና መፍቻ ቆጥሬ እሰጣለሁ፣
ማታ ላይ ቆጥሬ እቀበላለሁ፣
የጎደለ እንደሆን ጠረጴዛ ሥር ነው፤ እሱንም አውቃለሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ ሙያ ትምህርት ቤት ገብቼ
ቶርኖ ተማርኩ አሉ፣ የጠመኔ ብናኝ ፊቴን ተቀብቼ።
መምህሩ ይስላል፣ እኛ እንገለብጣለን፤
"ይህ ማርሽ ያንን ማርሽ ያዞራል" እንላለን።
ዘጠና ስምንት አመጣሁ፤
ቶርኖ ሳልነካ፣ እጄ ሳይቆሽሽ ወጣሁ።

እዚህ ግን ልጆቹ ከመጽሐፉ በፊት ብረቱን ያውቁታል፤
ጣታቸው ይላጣል፣ ፕላስተር ይለጥፉና መልሰው ይይዙታል።

አራት ነበሩ ባለፈው ዓመት፣ አሥራ ስምንት ያልሞላቸው፤
ቶሩን፣ አይቪንድ፣ ሃልቫር፣ ያገሬ ልጅ ስንዱም አብራቸው።
ኩባንያ አቋቋሙ፤ ማኅተም አስቀረጹ፣ መዝገብ ገዙ፣
አክስት አጎቶቻቸው በሃምሳ ክሮነር አክሲዮን ያዙ።
ስሙን "ጠብታ" አሉት፤ ሥራው ደግሞ አንድ ሣጥን፣
የቆመ ጀልባ ውኃ ሲገባው ስልክ ደውሎ ባለቤቱን
"ተነሣ" የሚል፣ ከመስጠም የሚያድን።

ሃልቫር አፉ ቅቤ ነው፤ ገበያው ለሱ ተሰጠ፤
ዋጋ እንኳ ሳይተመን ለሽማግሌው ኦድቫር ሸጠ።
አራት መቶ ክሮነር! ብሩን አይተው አልጨረሱም፤
ኬክ ገዙ፤ ለኔም ቆረሱ፣ እኔንም አልረሱም።

አርብ ሌሊት ባሕሩ ተቆጣ፤ ዝናቡም እንደ ልማዱ፤
ሣጥኑ ዝም አለ። ጀልባው ወደቡ ሥር ተኛ፣ ወንበሮቹ ተንሳፈው ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ኦድቫር መጣ፣
ከካፖርቱ ኪስ ሣጥኑን አወጣ፣
ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አልጮኸም፣ አልተቆጣ።
ውኃ ብቻ ከሣጥኑ ጠብ… ጠብ… ይላል፤
"ስምን መልአክ ያወጣዋል" አልኩ በልቤ፤ ለካ እዚህም ይሠራል።

መምህርት ጉንቮር አልገሠጸች፣ አላጽናናች፤
አንድ ካቻቪቴ ብቻ ወደ ልጆቹ ገፋች።
ፈቱት። መዳቡ አረንጓዴ፣ ባትሪው አብጧል፤
ለሽቦው ከተበሳው ሌላ፣ ከጎን አንድ ቀዳዳ አፍጥጧል፣
በሙጫ የተለሰነ፤ ሙጫውም ተልጧል።
አይቪንድ ስንዱን አየ፣ ስንዱ ጣሪያውን፤
ሃልቫር፣ ያ አፈ ቅቤ፣ ዋጠው ምራቁን።
"እኔ ነኝ" አለች ቶሩን። "ስለካ አራት ሚሊሜትር ሳትኩ፤
ሌላ በሳሁና የፊተኛውን በሙጫ ደፈንኩ፤
ለናንተ መንገር አፈርኩ።"

እኔ መፍቻ የምቆጥር መሰልኩ።
በጠመኔ ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥፋት አልነበረኝም፤
ሠርቼ አላውቅማ፤ ያልበሳ ሰው አይስትም።

ኦድቫር "ገንዘቤስ?" አለ። ስንዱ መዝገቡን ገለጠች፤
ሦስት መቶ አሥር ነው ያለው፤ ዘጠናዋ በኬክ አለቀች።
እውነት እላለሁ፣ ይተውላቸዋል ብዬ ነበር። ልጆች አይደሉ?
እሱ ግን ቆጠረው፣ ሳንቲሙ ሳይቀር፣ ጣቱን እያራሰ፤
"ቀሪውን ሐሙስ" ብሎ ወጣ፤ በሩን ቀስ አድርጎ መለሰ።

ሐሙስ ከፈሉ። ከየት እንዳመጡ አልጠየቅኩም፤
ቶሩን ግን በዚያ ሳምንት ምሳ ስትበላ አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ ወጣ፣ በልጆቹ እጅ የተጻፈ፦
የትኛውም ሣጥን አይሸጥም፣ አንድ ሌሊት በኔ ባልዲ ሰጥሞ ካልተረፈ።
ጠዋት በሩን ልከፍት ስመጣ አራቱም እኔን ቀድመው
ኮሪደሩ ላይ ናቸው፣ ኮፍያቸው ርሶ፣ ተኮልኩለው ቆመው።
ባልዲውን ሳወጣ፣ የኔም እጅ ደግሞ ሲርድ፣
"ደረቅ ነው?" ይሉኛል፣ የምጥ ወሬ እንደሚጠብቅ ዘመድ።

አንድ ማክሰኞ፣ ሰው ሲወጣ፣ ቶሩን ቶርኖውን አስነሣችልኝ፤
"አትፍራ፣ ብረቱ ራሱ ይነግርሃል" ብላ መነጽር አጠለቀችልኝ።
በሃምሳ ሦስት ዓመቴ የመጀመሪያዬን ብረት ላጥኩ፤
ትኩስ ጥቅልል ፍቅፋቂ ወደቀ፤ ማንም ሳያይ ኪሴ ከተትኩ።

ኩባንያው በሰኔ ፈረሰ፤ ደንቡ ነው፣ ዓመት አይሻገርም፤
በሃምሳው ላይ ሁለት ክሮነር ጨምረው መለሱ፤ የከበረ ሰው የለም።
ያ የተበሳ ሣጥን ግን እኔ ዘንድ ቀረ፣
ከመፍቻዎቹ ጎን፣ ሚስማር ላይ ታስሮ አደረ።

በመኸር አዲሶቹ ይመጣሉ፣ እጃቸው ንጹሕ፣ ጥፍራቸው ሳይቀር።
"ይሄ ምንድን ነው?" ይላሉ።
መሰርሰሪያውን አንሥቼ እሰጣለሁ፦
"ፈርሙና ውሰዱ። ማታ ስትመልሱ እነግራችኋለሁ።"